ዝናብ ይዘንብ ነበር

እንግሊዝኛ የተማርኩት ውጭ አገር ልሄድበት አይደለም። ከሰው መሀል በልጬ ልታይበትም አይደለም። አንድ ሰውዬ ከሥራው ላስባርርበት ነው። ሌላው ሰው ቂም ሲይዝ ጠበቃ ይፈልጋል፣ ጎረምሳ ይልካል፣ ስም ያጠፋል፤ እኔ ያለፈ ጊዜ ግሥ ሸመደድኩ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ ቂም ይዞ ሰዋስው ግን ማንም አልከለከለም።

ነገሩ የእናቴ ነው። እናቴ በአንድ ትልቅ ሆቴል የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ እነሱ ላውንደሪ በሚሉት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ጨርቅ በሁለት ጣቷ ቆንጠጥ አድርጋ ስንት ሙቀት እንደሚችል ትናገር ነበር። አንሶላ ስታጥፍ ጠርዝ ከጠርዝ ካልገጠመ እንቅልፍ አይወስዳትም። ሆቴሉ የውጭ ድርጅት ስለሆነ አንድ ሕግ አለው፦ ልብስ ሲቃጠል፣ ዕቃ ሲሰበር፣ ሰው ሲጎዳ የአደጋ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ የዚያኑ ዕለት፣ ፈረቃው ሳያልቅ። የሚጽፈው የክፍሉ ሱፐርቫይዘር ነው። ሠራተኛዋ ከሥር ትፈርማለች። ገብቷት ይሁን ሳይገባት የሚጠይቅ የለም።

ሱፐርቫይዘሩን ሴቶቹ በሌለበት «ካውያው» ይሉታል፤ ያገኘውን ሁሉ ጠፍጥፎ ስለሚያልፍ ነው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ የሱፍ ኮቱን ቶሎ አድርሱልኝ ብሎ ላከ። እናቴ መስቀያ ልታመጣ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። ስትመለስ ካውያው ራሱ መተኮሻው ማሽን ፊት ቆሟል፤ ፕሬስ የሚሉት፣ ሁለት መንጋጋ ያለው ትልቁ ማሽን ነው። ኮቱ ጀርባ ላይ የመዳፍ ስፋት ያለው ቡናማ ጠባሳ ወጥቷል። ሁለቱ ተያዩ። ሌላ ሰው አልነበረም። ፈረቃው ሊያልቅ ሲል አንድ ወረቀት አመጣላት። «ምንድነው?» ስትለው «የፈረቃ ማስተካከያ ነው፣ ሁላችሁም ትፈርማላችሁ» አላት። ፈረመች። በሦስተኛው ቀን ዘበኛው በር ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንዳላስገባዎት ታዝዣለሁ» አላት፤ እሱ እንኳ አፍሮ መሬት መሬት ነበር የሚያየው።

የሥራ ልምድ ወረቀቷ ላይ «በከባድ ቸልተኝነት የተሰናበተች» ተብሎ ተጻፈ። ሦስት ሆቴል ዞረች፤ ሦስቱም ወረቀቱን አይተው «እንደውላለን» አሏት። የደወለ የለም። ከዚያ በኋላ እናቴ ልብስ መተኮስ ተወች። የራሷን እንኳ። ያቺ የትራስ ልብስ ሳትተኩስ አልጋ የማታነጥፍ ሴት በተጨማደደ ቀሚስ ሱቅ ስትሄድ አየሁ፤ ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። የፈለግኩት ሁለት ነገር ነው፦ የእናቴ ስም ከዚያ ጥፋት እንዲጸዳ፣ ሰውዬው ደግሞ በዚያው በር፣ በዚያው ዘበኛ ፊት እንዲወጣ። ከሁለቱ የትኛውን አብልጠሽ ትፈልጊያለሽ ብትሉኝ ያን ጊዜ እዋሻችሁ ነበር።

ከእናቴ ጋር ሪፖርቱን ልንጠይቅ ሆቴሉ ቢሮ ስንሄድ አንዲት ጸሐፊ ወረቀቱን ከሩቅ አሳየችን። «ይኸው፣ ፈርመዋል» አለች። እናቴ ወረቀቱን አየች፣ እኔን አየች። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሬ አንድ መስመር ልነግራት አልቻልኩም። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ያለፍኩት ጎኔ ከተቀመጠችው ልጅ ወረቀት ነበር።

ሰፈራችን ውስጥ ጡረታ የወጡ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አሉ፤ ትንሹም ትልቁም «ሚስ» ነው የሚላቸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳቸው ላይ ያስተምራሉ። ሰሌዳቸው የድሮ በር ነው፤ ከማጠፊያው ነቅለው ጥቁር ቀለም ቀብተውታል። እጀታው አሁንም አለ፤ ትምህርቱ ሲከብደን ከፍተን መውጣት ያምረናል።

«ምን መማር ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ።

«ያለፈውን» አልኳቸው። «ሌላውን ሁሉ ይተዉት። ያለፈውን ብቻ።»

«ያለፈ ነገር ብቻውን አይገባም፣ ልጄ» አሉ። ግን ጀመሩልኝ።

እኔ ያለፈ ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስለኝ ነበር፤ አለፈ፣ አለቀ። ሚስ በሩ ላይ ሦስት መስመር አሰመሩ። «ይሄ የመጀመሪያው የሆነውን ይነግርሻል፤ ሆነ፣ ተዘጋ። ሁለተኛው ነገሩ ሲሆን ዙሪያው ምን ይመስል እንደነበር ይነግርሻል፤ ማን ምን ያደርግ ነበር፣ ምን ይሰማ ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ በፊት ምን ሆኖ እንደነበር ይነግርሻል፤ ማለት፣ ነገሩ ከየት እንደመጣ። አዲስ ነገር እንዳይመስልሽ፣ በራሳችንም ቋንቋ አለ፤ ወደቀ፣ ይወድቅ ነበር፣ ወድቆ ነበር። ስትናገሪው ነው የምትውዪው። በይ እስቲ ምሳሌ ስጪኝ።»

በእንግሊዝኛ እየተንተባተብኩ ሰጠኋቸው።

«ሰውዬው ከደረጃ ወደቀ።»

«ጎበዝ። ሲምፕል ፓስት ነው። አሁን ኮንቲኒዩሱን።»

«ሰውዬው ሲወድቅ እኔ እስቅ ነበር።»

ሚስ መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ፐርፌክቱንስ?»

«ሐኪሙ ሲደርስ ሰውዬው ሞቶ ነበር።»

ጠመኔውን አስቀመጡ። «ልጄ፣ ይሄ ሰውዬ ማነው?»

«ምሳሌ ነው፣ ሚስ።»

«ሰው ምሳሌን እንዲህ አድርጎ አይጠላም» አሉኝ። ሌሎቹ ተማሪዎች ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥርስ ብቻ ነው የሳቀው።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚባለው ለትዕግሥተኛ ነው፤ ቂመኛ ይሮጣል። እነዚያ ከሕግ የወጡ ግሦች ግን አላስሮጥ አሉኝ። አንዱ ጭራ ቀጥሎ ያልፋል፤ ሌላው መልኩን ለውጦ ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል፤ ሌላው ጭራሽ ንቅንቅ ሳይል «ትናንትም ዛሬም እኔው ነኝ» ብሎ ይቀመጣል። ዝርዝራቸውን ዕቃ ከምናጥብበት ገንዳ በላይ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። እናቴ ሳህን እያጠበች «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» ስትል እሰማታለሁ። «ምንድነው ትርጉሙ?» አለችኝ አንድ ቀን። «ሄደ ማለት ነው።» «ሦስት ጊዜ ሙሉ ሄዶ አንዴ እንኳ አይመለስም እንዴ?» አለች። ከተባረረች ወዲህ ስታሾፍ የሰማኋት ያን ቀን ነው፤ ለካ እናቴ ቀልደኛ ነበረች፣ ይሄን ራሱ ረስቼዋለሁ። ካውያው ይሄንንም ወስዶብኛል ብዬ ቂሜ ላይ ጨመርኩት።

በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ እዚያው ሆቴል፣ እዚያው ላውንደሪ ተቀጠርኩ። ለእናቴ ሌላ ሆቴል ነው አልኳት። ፎርም ላይ የአባት ስም እንጂ የእናት ስም አይጠየቅም፤ አባቴን ደግሞ ካውያው ከየት ያውቀዋል። ያቆሙኝ ያው የእናቴ ማሽን ላይ ነው። ፔዳሉ መሀሉ ተበልቶ ጎድጉዷል፤ እግሬን ሳሳርፍበት ልክ መጣልኝ።

ስድስት ወር አንገቴን ደፍቼ ሠራሁ። ካውያውን «ጋሼ» እያልኩ ነው የምጠራው። ወንበር አቀርብለታለሁ፣ ቀልዱ ባያስቅም እስቅለታለሁ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ከሸሚዙ ጋር ረዘም ያለ ማስታወሻ ልኮ ካውያው ወረቀቱን ሲያገላብጥ አየሁት። ከላይ ያየዋል፣ ከታች ያየዋል፣ ጀርባውን ያየዋል። ተጠግቼ አነበብኩለት፤ እንግዳው አንገቱ ላይ ሽፍታ ስለሚወጣበት ስታርች፣ ያን ልብስ ቀጥ የሚያደርገውን ዱቄት፣ አታድርጉብኝ ነው የሚለው። የካውያው ፊት በራ።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ነሽ ለካ!» አለ።

በሳምንቱ የአንሶላ ጋሪ ከመስታወት በር ጋር ተጋጨና ሪፖርት አስፈለገ። ካውያው መሳቢያውን በቁልፍ ከፍቶ አንድ ያረጀ ፋይል አወጣ። «በዚህ መሠረት ሥሪው» አለኝ። «ስሙንና ቀኑን ብቻ ቀይሪ።» ብሎኝ ሄደ። ከሁለት ዓመት በላይ የቋመጥኩለትን ፋይል በገዛ እጁ ጭኔ ላይ አስቀምጦልኝ ሄደ!

አሥራ አንድ ሪፖርት ነበር። የመጀመሪያውን የጻፈው ከካውያው በፊት የነበረ ሱፐርቫይዘር ነው፤ እንግሊዝኛ አዋቂ እንደነበር ያስታውቃል። እንዲህ ይላል፦ «ዝናብ ይዘንብ ነበር። ማሽኖቹ ይጮኹ ነበር። እኔ አንሶላ እቆጥር ነበር። የጭስ ሽታ ሸተተኝ። ዘወር ስል ሠራተኛዋ ማሽኑን ትታ ሄዳ ነበር።» ሦስቱም ያለፉ ጊዜዎች በየቦታቸው ተሰድረዋል። ሚስ ቢያዩት አሥር ከአሥር ይሰጡት ነበር።

ሁለተኛውን ገለጥኩ፤ የካውያው ነው። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ማሽኖቹ ይጮኹ ነበር። ሦስተኛውን ገለጥኩ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። አራተኛዋ ሠራተኛ ደረጃ ላይ ተንሸራትታ ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረ ናት፤ እሷም ላይ ጭስ ሸቶታል። ስድስተኛዋ የሻይ ብርጭቆ ሰብራለች፤ ጭስ። ሰውዬው እንግሊዝኛ አይችልም! ከቀዳሚው ወረቀት ላይ እየገለበጠ ነው ሰው የሚያባርረው። ዝናብ የሚለው ቃል የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ሊያወጣው አልቻለም፤ በዚህ ምክንያት ዐሥር ዓመት ሙሉ አዘነበው።

ሰባተኛዋ እናቴ ነበረች። ቀኑን አየሁት። የዚያን ሰሞን ቧንቧው ደርቆ እኔና እሷ ጄሪካን ይዘን ለውሃ እንሰለፍ ነበር፤ እንኳን ዝናብ ጤዛም አልነበረም። ከሥሩ ፊርማዋ አለ፤ የስሟን ፊደሎች አንድ በአንድ፣ በጥንቃቄ፣ አሳምራ ጽፋቸዋለች። ሰው የሚያባርራትን ወረቀት እንዲህ አሳምሮ ይፈርማል? እዚያው ጋሪዎቹ መሀል ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት በቀናው መንገድ ነው፤ ይሄ ይታወቅልኝ። አሥራ አንዱንም በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ማኔጀሯ ዘንድ ገባሁ። ማኔጀሯ ከውጭ የመጣች ናት፣ የኛን ቋንቋ አታውቅም፣ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ከገባች ዓመት ይሆናታል። ሁሉንም በሥርዓቱ አስረዳኋት፤ ግሦቼ አንዳቸውም አልተንገዳገዱም። ሰማችኝ፣ ማስታወሻ ያዘች። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። መልሱ አንድ መስመር ነበር፦ የተፈረመ ሰነድ እንደገና አይታይም፤ አዲስ ጥፋት ካለ ይቅረብ።

አዲስ ጥፋት። እሺ፣ አልኩ በሆዴ።

ካውያው ምሳውን ከሴቶቹ ቀድሞ በልቶ ከማድረቂያው ጀርባ የትኩስ ፎጣ ክምር ላይ ጋደም ይላል። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማንም አይናገርም። የመረጥኩት ቀን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። አንድ እንግዳ ሰማያዊ የሱፍ ጃኬት ልኮ ነበር። ሴቶቹ ምሳ ላይ ናቸው፣ ካውያው ያንኮራፋል። ጃኬቱን ፕሬሱ ላይ ዘረጋሁት። መንጋጋው የሚገጥመው ፔዳሉ ላይ እግር እስካለ ድረስ ነው፤ እግር ከተነሣ ይከፈታል። ረገጥኩት። እንደረገጥኩ ከሕግ የወጡትን ግሦች በሐሳቤ መቁጠር ጀመርኩ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከገንዳው በላይ እንዳሉት። ሃያ ሦስተኛው ላይ ሸተተ። አርባኛው ላይ ጨሰ። እግሬ አልተንቀጠቀጠም። ይሄ ነው እስካሁን የሚገርመኝ።

ሪፖርቱን ወዲያው ጽፌ ማኔጀሯ ዘንድ ወሰድኩት። «ሱፐርቫይዘሩ ጃኬቱን ይተኩስ ነበር። ስልኩ ጠራ። ማሽኑን ትቶ ወጣ። እኔ ስደርስ ጃኬቱ ተቃጥሎ ነበር።» አራት ዓረፍተ ነገር ነው። አንድ ስሕተት የለበትም፣ አንድ እውነትም የለበትም። ማኔጀሯ ማሽን ረግጣ አታውቅም፤ ትቶ የሄደ ሰው እንደማያቃጥል በምን ታውቃለች?

ሴቶቹ ካውያውን ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ወደ ቢሮ ላኩት። ጉንጩ ላይ የፎጣው ሽመና ታትሟል። ወረቀቱን ሰጡት። አየው፣ ገለበጠው፣ ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ ልጅ፣ ምን ይላል ይሄ?»

«ጃኬቱን አቃጥለዋል ይላል፣ ጋሼ።»

«እኔ? እኔ እኮ…» አለና ዋጠው። ተኝቼ ነበር ሊል ነው። ተኝቼ ነበር ካለ ደግሞ ያው ያስባርረዋል።

ማኔጀሯ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋችለት። ሕጉ ነው፣ ሁለተኛው ወገንም የራሱን ይጽፋል። ዐሥር ዓመት በጥሩ እንግሊዝኛ ሪፖርት ሲጽፍ የኖረ ሰው ምን ይቸግረዋል? ካውያው ጎንበስ አለ። ላቡ አገጩ ላይ ተንጠልጥሎ ወረቀቱ ላይ ጠብ አለ። ያኔ ደስ አለኝ። አልደብቅም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እውነቱ በአፉ ሞልቷል፣ ግን የሚያወጣበት መንገድ የለውም። እናቴ ያን ቀን ጸሐፊዋ ፊት እንደዚያ ነበረች። ግማሽ ሰዓት ሙሉ እያንዳንዷን ደቂቃ እያጣጣምኩ ቆምኩ።

ጨርሶ ሰጣት። ማኔጀሯ አነበበች። ቀና ብላ መስኮቱን አየች። ፀሐዩ የጠረጴዛውን መስታወት አልፎ ዓይን ይወጋል። እንደገና ወረቀቱን አየች።

«መቼ ነው የዘነበው?» አለችው በእንግሊዝኛ።

«የስ» አላት። «የስ፣ የስ።»

ያን ጊዜ ከስልኬ ያሳተምኳቸውን አሥራ አንዱን ሪፖርቶች ከብብቴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኳቸው። በዚህኛው ዙር ለማስረዳት አንድ ቃል አላስፈለገኝም። እሷው ራሷ ገጽ በገጽ እያዞረች የመጀመሪያውን መስመር ብቻ በጣቷ ነካች፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ስትጨርስ ጆሮዋ ቀልቶ ነበር።

ዓርብ ዕለት ተባረረ። የካውያው ዐሥሩም ሪፖርቶች ተሰረዙ፣ ለዐሥሩም ሴቶች «ጥፋት አልነበረባቸውም» የሚል ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት ወጣ። የእናቴን እኔ ተረከብኩ። ማኔጀሯ እጄን ጨብጣ ከሰኞ ጀምሮ ሱፐርቫይዘሯ እኔ እንደምሆን ነገረችኝ። «ቢያንስ አንቺ እውነተኛ ሪፖርት መጻፍ ትችያለሽ» አለች።

ካውያው በዚያው በር፣ በዚያው ዘበኛ ፊት ወጣ። የቤት ጫማውን በፌስታል አንጠልጥሏል። ተከትዬው ወጣሁ። ይሄ የኔ ቀን ነው፣ እንዴት ይቀርብኛል?

ዞር ብሎ አየኝ። «ልጄ፣ ያንን ጃኬት እኔ አላቃጠልኩትም። አንቺ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

አንድ እርምጃ ወደ እኔ ተመለሰ።

«የማን ልጅ እንደሆንኩ ልንገርህ?» አልኩት። «አንተ» ማለቴ ራሱ ሲጎረብጠው አየሁ። የእናቴን ስም ነገርኩት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷን፣ የሱፍ ኮቱን፣ የፈረቃ ማስተካከያ ነው ያላትን ወረቀት፣ ሁሉንም ቀስ ብዬ፣ እንዲገባው አድርጌ ነገርኩት። ፊቱ እስኪለወጥ ጠበቅኩ።

ግንባሩን አኮማተረ። ከልቡ ነው የሚያስበው። «የትኛዋ ነበረች?» አለኝ። «ያቺ አጭሯ?»

«አጭር አይደለችም።»

«እንግዲህ…» ፌስታሉን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ። «ብዙ ነበሩ እኮ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል። ስንተርተው ቀላል ነው፤ የወጋው ሰው ፊትህ ቆሞ ከልቡ ረስቶት ስታየው ግን ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል የሠራሁት፣ የተማርኩት፣ ያቃጠልኩት፣ ሁሉም እዚህ ግንባር ላይ አንድ መስመር አላሰመረም። ልመታው እጄ ተነሥቶ ነበር። ዘበኛው «ተይ እህቴ» ብሎ ያዘኝ። ካውያው ትከሻውን ነቅንቆ መንገዱን ተሻገረ፤ አውቶቡስ መጣለት፣ ገባ።

ቤት ስደርስ እናቴ የሸሚዝ ቁልፍ እየተከለች ነበር። ደብዳቤውን ከፍቼ፣ ቆሜ፣ በእንግሊዝኛም በቋንቋችንም አነበብኩላት። ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ስሟ የትኛው እንደሆነ ጠየቀችኝና በጣቷ ዳሰሰችው። ዓይኗ ሞላ። «ጥፋት አልነበረባቸውም» አለች ለራሷ፤ «ነበረባቸውም እንኳ አይደለም፣ አልነበረባቸውም።» ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ እናቴ ቀጥ ብላ ስትቀመጥ አየሁ። ያኔ ካውያውን ረሳሁት። የለፋሁት ለዚህ ነው አልኩ፣ ይበቃኛል።

«እንዴት አድርገሽ ነው?» አለችኝ።

እዚያ ላይ ባቆም ኖሮ። አፌ ግን አላቆመም፤ ኮርቻለሁ። የት እንደምሠራ ነገርኳት፣ ደነገጠች። ዝናቡን ነገርኳት፣ ሳቀች፣ እስክታለቅስ ሳቀች። በመጨረሻ የራሴን ሪፖርት ከስልኬ አውጥቼ ተረጎምኩላት። ሚስም እናቴም እንዲያደንቁልኝ የምፈልጋት ሪፖርት ናት።

«ማሽኑን ትቶ ወጣ ነው የምትይው?» አለች እናቴ። ሳቋ ቆሟል።

«አዎ።»

«እና ተቃጠለ።»

«አዎ፣ እማ።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ትቶ የሄደ ሰው አያቃጥልም» አለች። «እግር ሲነሣ ይከፈታል። እኔም የሥራ ልምዴን ሲሰጡኝ «ማሽኑን ትተሽ ሄደሽ ነው» ቢሉኝ ይሄንኑ ብዬ ጮኼ ነበር፤ ትቼ ከሄድኩ እንዴት አቃጠልኩ ብዬ። የሚሰማ አጣሁ እንጂ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ረገጠው?»

ሦስቱንም ያለፈ ጊዜ አውቃለሁ። አንዱም አልመጣልኝም።

«እማ፣ ያ ሰውዬ እኮ አንቺን…»

«እኔን ያደረገኝን እኔ አውቀዋለሁ። የጠየቅኩሽ የጃኬቱን ነው።»

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልተቆጣችም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበኝ፣ ደብዳቤውን ብትቀድደው ይሻለኝ ነበር፤ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። አልጸጸትም፤ ተጸጸትኩ ብልም የምለው ለጨዋነት ነው፤ ነገም ቢሆን እረግጠዋለሁ። እናቴ ግን ደብዳቤውን ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ አጠፈችው፣ ጎኗ አስቀመጠችው፣ እጇን ከላዩ ላይ አነሣች።

«በሱ ቦታ ማን ተሾመ?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እናቴ ጨርቅ በሁለት ጣቷ ቆንጥጣ ስታውቅ አይቻለሁ፤ ሰው ግን እንደዚያ ስታይ አይቼ አላውቅም።

«ሴቶቹ ሰምተዋል?»

«ሰኞ ነው የሚነገራቸው።»

«ቀደም ብለሽ ንገሪያቸው» አለች፣ ወደ ቁልፏ እየተመለሰች። «ይጠንቀቁ።»